በቁና የተመለሰችው መሞከሪያ

የእርጥብ ጥጥ ክር ሽታ ከእንዶድ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ፣ የትም ልሁን የት፣ መካነ ሰላም ያለው የልጅነት ቤታችን ደጃፍ ይታየኛል። በደጃችን ፀሐይ የምታሞቃት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረች፤ እናቴ ዋናውን ሥራ ከመጀመሯ በፊት ልኩን ለማወቅ በኪሮሽ የሠራቻትን ትንሽ መሞከሪያ በእንዶድ አጥባ፣ እዚያች ድንጋይ ላይ ዘርግታ፣ እስክትደርቅ ትጠብቅ ነበር።

ኪሮሿን አባቴ ከተሰበረ የጃንጥላ ሽቦ ሞርዶ፣ ጫፉን ቆልምሞ ነበር የሠራላት። በደጉ ጊዜ የትራስ ጠርዝና የሞሰብ ዳንቴል፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች ደግሞ ራሳቸው ላይ እየለካች ነጭ ኮፍያ ትሠራበት ነበር።

ከዚያ የበልጉ ዝናብ ቀረ። ክረምቱም ደመናውን አሳይቶን፣ አፈሩን በወጉ ሳያርሰው አለፈ። አደይ ሲፈነዳ ጎተራችን ተጠርጎ ነበርና አባቴ አህያውን ነድቶ፣ አባይን ተሻግሮ እህል ሊፈልግ ወደ ጎጃም ሄደ። እናቴ የጽጌን ጾም ትጾም ነበር፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ረመዳንን ይጾሙ ነበር፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ማንም ሳያዘን እንጾም ነበር።

በዚያ ሰሞን እትዬ ዘይነባ አንድ ጥቅል ነጭ ክር ይዘው መጡ። ባለቤታቸው ሐጂ ለዒድ የሚያደርጉት ኮፍያ እንድትሠራላቸው፣ ሲያልቅም አንድ ቁና ማሽላ ሊሰጡን ከእናቴ ጋር ተስማሙ። ያ ክር ቢበላሽ በገበያው ሌላ አልነበረም። የሐጂን ራስ የለኩበትን፣ በልኩ ላይ የተቋጠረ ፈትል ለእናቴ ሲሰጧት ሳቁ።

«ተኝቶ ሳለ ነው የለካሁት። ነቃና ‹አንቺ ሴት፣ ለከፈኔ ነው እንዴ?› አለኝ።»

እናቴ ኪሮሿን ወዲያና ወዲህ እያመላለሰች አራት ማዕዘን መሞከሪያ ሠርታ፣ አጥባ አድርቃ፣ በአውራ ጣቷ ስፋት ስንት የክር ዓይን እንደሚገባ ቆጠረች፤ በዚያው ልክ የኮፍያውን ዙሪያ አሰላች። ከዚያ ኮፍያውን ከአናቱ ጀምራ፣ በክብ እየዞረች እየዞረች ጨረሰችው። በተቋጠረው ፈትል ሲለካ ግን ኮፍያው ጠበበ።

እትዬ ዘይነባ አንስተው ጡጫቸው ላይ አጠለቁት። «ኧረ እቴ! ይኼ ለሐጂ ነው ወይስ ለእንቁላል?»

እናቴ አልሳቀችም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ኮፍያውንና አራት ማዕዘኑን ጎን ለጎን አድርጋ ብዙ አየች። ወዲያና ወዲህ እያመላለሰች ስትሠራ እጇ ይላላል፣ በክብ ስትዞር ግን ይጠብቃል፤ ያን ቀን ገባት። የክሩን ጫፍ ይዛ ሳበችው፤ የስንት ቀን ሥራ እየተተረተረ ጭኗ ላይ ወደቀ። እኔ የሚተረተረው ማሽላው መሰለኝና አለቀስሁ።

«እማ፣ ደግሞ መሞከሪያ ልትሠሪ ነው? ዒድ እኮ ደረሰ!»

«ለሚዞር ሥራ የሚዞር መሞከሪያ ነው» አለች። «ክሩን ያዢልኝ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ እትዬ ዘይነባ ቁናውን ማሽላ ሞልተው ገቡ። እናቴ ብድግ አለች።

«ሥራዬን ሳልጨርስ አልቀበልም።»

«አንቺማ የምትጨርሺው እየፈታሽ ነው! የልጅ ሆድ ኮፍያ ይጠብቃል እንዴ? በአላህ ተቀበይኝ፣ እኔም ሄጄ ላፍጥር።»

ማሽላውን ቀቅለን በላን። እናቴ ስትጸልይ የእትዬ ዘይነባን ስም ከእኛ ስም ጋር ስትጠራ ሰማኋት።

በማግስቱ እየዞረች የሲኒ አፍ የምታህል ክብ ሠራች፤ አጥባ፣ በዚያች ድንጋይ ላይ አድርቃ፣ እንደገና ለካች። በክቧ ልክ የተሠራው ኮፍያ ከተቋጠረው ፈትል ጋር ገጠመ፤ ክሩም በቃ፣ ክቧን መፍታት አላስፈለገም።

የዒድ ዕለት ሐጂ በደጃችን ሲያልፉ በአጥሩ ቀዳዳ አየናቸው። ነፋሱ ጋቢያቸውን ያርገበግበው ነበር፤ ኮፍያቸው ግን አልተነቃነቀም። እናቴ አማተበች።

በእኛ ዘንድ የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። በቤታችን ግን ቁናው ውስጥ የሚደረግ አንዳች አልነበረም። እናቴ ጥቂት አስባ፣ ክቧን መሞከሪያ ቁናው ውስጥ አድርጋ ላከችኝ። እትዬ ዘይነባ አውጥተው አዩዋትና የውኃ ብርጭቋቸውን ከደኑባት።

አባቴ በገና ጾም በቆሎ ጭኖ ተመለሰ። ከሰፈራችን ያን ዓመት ያልተሻገረው ሰው ብዙ ነው፤ እኛ ተሻገርነው። በቀጣዩ መስከረም ንጉሡ ወረዱ፣ ከተማው በሰልፍና በመፈክር ተሞላ፣ የብዙ ነገር ስምና መልክ ተለወጠ። ያች ክብ ግን እትዬ ዘይነባ እስኪያርፉ ድረስ ከብርጭቋቸው ላይ ነበረች።

ዛሬ እኔም የልጆች እናት ነኝ። ክሩ በየሱቁ ሞልቷል፣ ኪሮሼም የጃንጥላ ሽቦ አይደለም። ቢሆንም የሚዞር ሥራ ስጀምር የሚዞር መሞከሪያ ሠርቼ፣ አጥቤ፣ እስክትደርቅ እጠብቃለሁ። ልጄ «እማዬ፣ ይኼን ሁሉ ክብ ለምን ታጠራቅሚዋለሽ?» ትለኛለች። የጎረቤት ሳህን ስመልስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ የምጨምርበት ነገር አለኝ፤ ሞልቼ ከላዩ ላይ ከክቦቹ አንዲቷን ጣል አደርጋለሁ።