አንገት ላይ የወጣ ጥለት

አዳማ ጣቢያ ባቡሩ ሲገባ፣ ከባቡሩ ይልቅ ሰው ዞሮ የሚያያት አንዲት ቅቤ ሻጭ ነበረች። ከአርሲ የመጣች፣ የእኔ እኩያ ልጅ ናት። ዘበኛ የጣለውን አሮጌ ኮት እጅጌውን ቆርጣ ትለብሰዋለች፤ የነሐስ ቁልፎቹን ግን ፈትታ ከጨሌዋ ጋር በክር ሰክታ አንገቷ ላይ አስራቸዋለች። አንገቷ ላይ ደግሞ የጡጫ ያህል እንቅርት አለ። ሌላው ሰው በነጠላ የሚሸፍነውን እሷ በቁልፍና በጨሌ ታስጌጠዋለች።

እኔ ያን ጊዜ ድሬዳዋ ከፈረንጅ መነኮሳት ዘንድ ትምህርቴን ጨርሼ፣ አንድ የእጅ ስፌት መኪና ይዤ ተመልሼ ነበር። አባቴ የጣቢያው ስልክ ሠራተኛ ነው። ገበያ ያለው ልብስ ሰፊ ወንድ ስለሆነ፣ ሲለካቸው የሚያፍሩ ሴቶች ወደ እኔ ይመጡ ጀመር። ሥራው ለእኔም ተስማማኝ። ሰው ስለካ ቀና ብዬ ፊቱን ማየት የለብኝም።

አንድ ቀን ጠዋት እሷም መጣች።

«አካም ቡልቴ!» ብላ እንዴት አደርሽ አለችኝ፣ ገና ከደጅ። «ነይ ለኪኝ። ሠርግ ተጠርቻለሁ፤ ዘፈን አውራጅ ሆኜ!»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሠርጉ የአባቴ አለቃ ልጅ ሠርግ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እሷ ሠርግ ቤት የምትጠራው ውኃ ለመቅዳትና ድስት ለማጠብ ነበር። ጓዳ ሆና ስታንጎራጉር ድምጿ ዳሱ ድረስ ይሰማል፤ ሰው ግን «ማን ናት?» ብሎ አይጠይቅም። አሁን ሙሽራይቱ ራሷ፣ «ፊት ለፊቴ ቆማ ትዝፈንልኝ» ብላ አስጠራቻት።

«አንገቴን እንዳትደብቂው» አለችኝ ስለካት። «ያ ገበያ ያለው ሰውዬ አንገትጌውን እስከ ጆሮዬ አድርሶት፣ ስዘፍን ሊያንቀኝ ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ላድርገው?»

«አንቺ አይደለሽ የተማርሽው? እኔ የማውቀው ቅቤ ነው።»

ሦስት ቀን አሰብኩበት። መነኮሳቱ ያስተማሩኝ አንድ ልክ ነው፤ ልኩ ያልገጠመላት ሴት ቀጥ ብላ እንድትቆም ትመከራለች እንጂ ልኩ አይነካም። ይህ ሁልጊዜ ያበሳጨኝ ነበር። ትከሻዋ የዘነበለ፣ ሆዷ የገፋ፣ እንቅርት ያላት፣ ልብስ ከሁሉም ጋር መጫወት የሚችል ይመስለኝ ነበር። አሁንም ይመስለኛል። ስለዚህ አንገቱን ሰፋ አድርጌ ከእንቅርቱ በታች ቆረጥኩት። ከዚያም አንድ ያልለበስኩትን ነጠላዬን አውጥቼ ቀይና ቢጫ ጥለቱን ቀደድኩና በአንገቱ ዙሪያ ሰፋሁት። ስትለካው አንገቷ ከጥለቱ መሀል እንደ እንስራ አፍ ብቅ አለ። በመስታወት አይታ እስክትጠግብ ሳቀች።

እኛ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ግን አልነገርኳትም። ለደስታ ጥለት ወደ ታች ነው። ሐዘን ሲሆን ነጠላው ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣል። አያቴ ስትሞት እናቴ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የለበሰችው። ቅቤ ሻጯ ባደገችበት አገር ይህ ልማድ የለም። እኔ ግን አውቃለሁ። «ይህ ቀሚስ ነው፣ ነጠላ አይደለም» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ብነግራት አልለብስም ትላለች ብዬ ፈርቼ ነው። ሥራዬን ወድጄው ነበር።

የሠርጉ ዕለት ወደ ዳሱ ስትገባ ልጃገረዶቹ እልል አሉ። እጇን አንስታ ገና የመጀመሪያውን ስንኝ እንዳወረደች፣ ከሞጆ የመጡት የሙሽራው አክስት ከተቀመጡበት ተነሡ።

«በስመ አብ! አንቺ ልጅ፣ የማንን መርዶ ይዘሽ ነው የገባሽው?»

ጭብጨባው ቆመ።

«ጥለት ወደ ላይ! በሙሽራ ፊት!»

ከኋላ አንዷ፣ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» አለችና ሳቁ ተከተለ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አንገትጌዋን አየች። አልገባትም። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። የዳሱ ምሰሶ አጠገብ ዳቦ የተቆረሰበት ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ።

«ማነው እንዲህ አድርጎ የሰፋልሽ?» አሉ አክስትዬዋ።

«እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። የአባቴ አለቃ እዚያው ተቀምጠዋል፤ ኋላ ለራሴ ምክንያት ያደረግኩት ይህንን ነው። ነገር ግን ስለ አባቴ ያሰብኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። እዚያ ቆሜ ሳለሁ ያ ሁሉ ሰው ዞሮ እንዳያየኝ ብቻ ነው የፈራሁት። አንገቴን ደፍቼ የዳቦውን ቁራሽ አስተካከልኩ።

«ገበያ ነው ያሰፋሁት፣ እማማ» ስትል ሰማኋት። «እኔ ቤት የሞተ ሰው የለም። ትናንት አንዲት ዶሮ ሞታብኛለች፤ ለእሷም አላለቀስኩም።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አክስትዬዋ አልሳቁም። በእጃቸው ወደ ጓዳ አመለከቷት። ሌላ ልጅ ዘፈኑን ተቀበለች። ያን ቀን ከጓዳ በኩል የድስት ድምፅ እንጂ ዘፈን አልተሰማም።

በሦስተኛው ቀን ጣቢያ ሄድኩ። ያንን ኮቷን ለብሳ ቅቤውን በቅጠል ትጠቀልላለች።

«አጥፍቻለሁ» አልኳት።

«የጥለቱን ነገር ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ቅቤውን ጠቅልላ ጨረሰች። «ብትነግሪኝም እኮ እለብሰው ነበር» አለች። «ግን መልሱን በግጥም አዘጋጅቼ እገባ ነበር። ባዶ አፌን አስገባሽኝ።» ከዚያ እስከ አገጬ የተቆለፈውን ግራጫ የትምህርት ቤት ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አየችው። «አንቺ ለራስሽ እንዲህ ነው የምትሰፊው?»

ክረምቱ ሳይገባ ወደ አቦምሳ፣ ወደ ዘመዶቿ ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት ቀሚሱን አጥባና አጣጥፋ ለእናቴ ትታላት ነበር። «ጥለቱ የእሷ ነው» ብላለች አሉ።

ከዚያ ወዲህ ለምሰፋላት ሴት ሁሉ፣ ይህን ብትለብሺ ማን ምን ሊል እንደሚችል አስቀድሜ እናገራለሁ። አንዳንዷ ትተወዋለች፤ አንዳንዷ ስቃ «ስፊው» ትለኛለች። የእሷን ቀሚስ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ባለፈው ወር እኚያው የሞጆዋ አክስት ለፋሲካ ቀሚስ ሊያሰፉ መጡ። ገብተው ሳይቀመጡ ግድግዳውን አዩ።

«ይህ የዚያች የቅቤ ሻጯ አይደለም?»

«ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ የሰፋሁት።» ሦስት ዓመት የቆየ ቃል ነው።

እሳቸው ግን አልተቆጡም። «አይ ልጄ» አሉና ነጠላቸውን አወረዱ። «ያኔ ብትናገሪ ምን ነበረበት? የልጅ ሥራ ነው ብዬ፣ ነጠላ ደርባበት ትዝፈን እል ነበር። ድምፅዋማ እንዴት ያለ ነበር!»

ከዚያ ትከሻቸውን እንድለካ ጀርባቸውን ሰጡኝ። ግራው ከቀኙ ዝቅ ይላል። መለኪያውን አንስቼ ለካሁ። ሲዞሩም ቀና ብዬ ፊታቸውን አላየሁም።