ስልክ የሞላ ይሸከማል

ከወልድያ የተነሳሁት አርብ ጠዋት ነው፤ የጉዞዬ ዓላማም ንግድ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ስለ ናፍቆት ሳወራ አንባቢ እንዳይታለልብኝ ነው። የምሸጠው የሶላር ዕቃ ነው፤ ፓነል፣ ባትሪ፣ አምፖል፣ የስልክ መሙያ። ሰሞኑን ከክልሉ አንድ ረቂቅ ሕግ ለሕዝብ ውይይት እየወረደ ነው ሲባል ሰማሁ። በድንገተኛ ችግር ጊዜ በፈቃዳቸው ለሚደርሱ ሰዎች ማበረታቻ ይሰጣል፤ መስመር ባልተዘረጋበት ገጠር ደግሞ ማበረታቻው የሶላር መብራት ይሆናል ይላል። ሌላው ሰው ሕግ ሲሰማ መብቱን ያስባል፤ እኔ ገበያዬን አሰብኩ። ውይይቱ እሁድ በተወለድኩበት መንደር፣ በጥድ አምባ፣ ይደረጋል ተባለ። እትብቴ የተቀበረበት አገር ደንበኛ ሆኖ ሲጠብቀኝ እንዴት እቀራለሁ?

ጋሸና

የድልብ ዳገት ዛሬም ጆሮ ይደፍናል። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲያያዘው ተሳፋሪው ሁሉ ጭጭ ይላል፤ ደጋው ላይ ሲወጣ ጋቢ ከየሻንጣው ይመዘዛል፣ ወሬውም አብሮ ይመለሳል። ልጅ ሆኜ በዚህ መንገድ የወረድኩት ከጭነት መኪና ላይ፣ የገብስ ጆንያ ተደግፌ ነበር። ያን ቀን ዓይኔን ያስለቀሰኝ ነፋሱ ነው ብዬ ለሾፌሩ ረዳት ነግሬዋለሁ። አሁን መስኮቱ ዝግ ነው፤ የማሳብበው ነፋስ የለም።

ጋሸና መገንጠያው ላይ፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች ከሚበሉበት ቤት ገብቼ ሽሮ አዘዝኩ። መቶ ሃምሳ ብር።

«ሥጋ ገብቶበታል እንዴ?» አልኳት አስተናጋጇን።

«ሥጋ ቢገባበትማ ዋጋውን ከበሉ በኋላ ነበር የምነግርዎ።»

የሙያ ባልደረባዬ መሆኗ ገባኝ፤ ሽሮዬን በላሁ።

ላሊበላ ስንደርስ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። የባጃጁ ሾፌር ዋጋውን ለፈረንጅ በሚጠራው ልክ ጠራልኝ። «የላስታ ልጅ ነኝ» አልኩት። ፓነሌን አየ፣ ጫማዬን አየና «ከአገር ከወጡ ቆይተዋል መሰለኝ» አለ። ትንሽ ቀነሰልኝ። ቆይቻለሁ።

ዳገቱ

ቅዳሜ ማለዳ በቅሎ ተከራይቼ፣ ዕቃዬን ጭኜ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚያወጣውን መንገድ ያዝኩ። ገብሱ ደርሷል፤ ሽታው ከሩቅ ይቀበላል። ከማሳው በላይ ጅብራዎቹ፣ ከሰው የሚረዝሙት የደጋ ተክሎች፣ ልክ እንደተውኳቸው ተገትረዋል። ልጆች ሳለን ማታ ማታ ሰው እየመሰሉን እንሸሻቸው ነበር። ዛሬ ከሩቅ ሳያቸው በሆዴ «ደኅና ናችሁ?» አልኩ።

መንደሩ መግቢያ ላይ ያለችው የቅሬ ቤት ቆርቆሮዋን ቀይራለች። ቅሬ በእኛ አገር ሰው ሲሞትም ሲታመምም መንደሩ የሚጠራራበት ማኅበር ነው። ቤቷ ውስጥ ድንኳኑ፣ ድስቱና ቃሬዛው ይቀመጣሉ። ከግድግዳው ላይ ጥሩምባው ተሰቅሏል። ነፊው አባቴ ነበር። ከንፈሩ ያረፈበት ቦታ አሁንም ከሌላው ይልቅ ያብረቀርቃል። አባቴ ሲነፋ ወንድ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል፤ ያልመጣ ይቀጣል። ማታ እራት ላይ ማን ቀድሞ እንደደረሰ ይወራል፤ እኔም የአባቴ ትንፋሽ ሰውን ሁሉ የሚያዝ ይመስለኝ ነበር።

ውይይቱ

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። የወረዳው ባለሙያ፣ የከተማ ጫማ ያደረገ ትሑት ወጣት፣ ረቂቁን ጥርት አድርጎ አነበበ። የቅሬው ዳኛ የእናቴ ወንድም አያ መኩሪያ ናቸው። አንብቦ እስኪጨርስ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ቆዩና፣

«ልጄ፣ በጎ ፈቃደኛ ማለት ምንድን ነው?» አሉት።

«በፈቃዱ የሚመጣ ማለት ነው፣ አባቴ።»

«እኛ ዘንድ ያልመጣ ይቀጣል። እኛ ታዲያ ምን ልንባል ነው?»

ሰው ሳቀ። ባለሙያውም ሳቀና ረቂቁ የሚለው ተመዝግቦ፣ ሠልጥኖ፣ ሲጠራ የሚወጣ ጥቂት ሰው ያለበት ቡድን እንደሆነ አስረዳ። መብራቱም ለእነዚሁ ነው።

ሳቁ እዚያ ላይ አበቃ። ስም መጥራት ተጀመረ። የመንደሩ ቀልደኛ ታደሰ እጁን ሲያወጣ አንዱ «የአንተ እግር ለሠርግ እንጂ ለቃሬዛ መቼ ተነስቶ ያውቃል?» አለው። «ለእናትህ ቀብር የተነሳው የማን እግር ነበር?» መለሰ ታደሰ። የተመዘገበው ፈገግ አለ፤ ያልተመዘገበው ጋቢውን ተከናነበ። እኔ ዳር ተቀምጬ አምፖል እደምር ነበር።

የእህቴ ልጅ ዘውድነሽ በዚህ መሐል ከሴቶቹ በኩል ተነሳች። ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጇን ልትሞት ደርሳ ነው የወለደችው፤ ይኼኛውን ጤና ጣቢያ እንድትወልድ ተነግሯታል። መኪና የሚደርስበት መንገድ ደግሞ ከመንደሩ ቁልቁል ተወርዶ፣ ከወንዙ ማዶ ዳገቱ ላይ ነው።

«አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «የተመዘገቡት ዳገቱ ላይ ሲደክማቸው ማን ነው የሚቀበላቸው?»

ባለሙያው ረቂቁን መልሶ ገለጠ።

ጥሩምባው

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ጥሩምባው ተነፋ። እኔ ከታደሰ ደጅ ፓነል ዘርግቼ ስልኬን እየሞላሁ ለገበያ አሳይ ነበር። ቀና ብዬ አየሁ። ሰው ከየቤቱ ወጥቷል፤ ግን እንደ ድሮው አይሮጥም። ከየደጁ ቆሞ ይተያያል።

«የተመዘገቡት ይሂዷ» አለ አንዱ።

«ገና መቼ ጸደቀና?» አለ የተመዘገበው።

አያ መኩሪያ ከዘራቸውን ከቅሬው ቤት ግድግዳ አስደግፈው ገቡ፤ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ለብቻቸው እየጎተቱ ወጡ። የቃሬዛው እግር መሬቱን ሲፍቅ የወጣው ድምፅ ከጥሩምባው የበለጠ ርቆ ተሰማ። መጀመሪያ የሮጠው ታደሰ ነው፤ ከዚያ ሁሉም። እኔም ፓነሌን እንደተዘረጋ ትቼ፣ ስልኬን ነቅዬ ተከተልኩ።

ዘውድነሽ ምጥ ይዟት ላብ አጥምቋታል። ባሏ ለአምቡላንስ ሊደውል ስልኩን ቢነካካ ባትሪው አልቋል። የጎረቤቱም አልቋል፤ ስልክ ለማስሞላት ገበያ ቀን መጠበቅ አለባቸው። የእኔን ሰጠሁት። ጉብታው ላይ ወጥቶ፣ ኔትወርክ አግኝቶ ሲጮህ ሰማነው፤ አምቡላንሱ ከመንገዱ ጫፍ እንዲጠብቅ።

ተራዬ ሲደርስ የቃሬዛው አጣና ትከሻዬ ላይ አረፈ። ሥጋዬ ጨምሯል፣ ትንፋሼ ቀንሷል፤ እግሬ ግን የቱ ድንጋይ እንደሚከዳ አልረሳም። ከጎኔ የተሸከመው ውይይቱን ሊጨርስ መንደሩ ያደረው ባለሙያ ነበር፤ ጫማው እያንሸራተተው።

ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ጉልበታችን ከዳን። ከላይ አንድ የማናውቀው ሰው በግ እየነዳ ይወርዳል። ቃሬዛውን ሲያይ በጉን ከቁጥቋጦ አሰረና ከባለሙያው ላይ አጣናውን ተቀበለ።

«የየት ናት?»

«የጥድ አምባ።»

«ማርያም ትርዳት» አለና ዳገቱን ወጣ። በየትኛው ሕግ እንደተመዘገበ የጠየቀው የለም። ከመንገዱ ስንደርስ አምቡላንሱ ቆሞ ነበር። ሰውየው ወደ በጉ ሲመለስ ስሙን እንኳ አልነገረንም። ዘውድነሽ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ተገላገለች።

የጥድ አምባ ሕግ

ማክሰኞ ዳግመኛ ጥዱ ሥር ተሰበሰብን። አያ መኩሪያ ባለሙያውን ከጎናቸው አስቀምጠው፣

«ጻፍ፣ ልጄ። ጥድ አምባ መብራቱን ትፈልጋለች፤ ስም ግን አትሰጥም» አሉት።

«መብራቱ ለማን ይሰጥ ታዲያ?»

«ለቃሬዛው። ፓነሉ ከቅሬው ቤት ጣራ ይውጣ። ሰው ሁሉ ስልኩን እዚያ በነፃ ይሙላ። ስልኩን የሞላ ሰው ሲጠራ ይመጣል፤ ይሸከማል። በቃ።»

«ግማሽ የሞላስ?» አለ ታደሰ።

«ግማሽ የሞላ በእግር በኩል ይያዝ።»

ባለሙያው ለዚህ ረቂቁ ላይ ቦታ እንደሌለው፣ ግን በሕዝቡ አስተያየት ላይ ቃል በቃል እንደሚያሰፍረው ነገራቸው። ክልሉ እስኪወስን ግን ሕፃን አይጠብቅምና ቅሬው አንዱን ፓነል ከእኔ ሊገዛ ተስማማ። ባመጣሁበት ዋጋ ሰጠኋቸው፤ ይህን ሌላ ደንበኛ እንዳያነብብኝ እየጸለይኩ ነው የምጽፈው። ጣራው ላይ ወጥቼ ራሴ ገጠምኩት። ከመሄዴ በፊት ሳላስበው ስልኬን እዚያው ሰካሁ። አያ መኩሪያ ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

ወልድያ

ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ «ስንት ሸጥክ?» አለችኝ።

«አንድ።»

«አንድ ጭነት?»

«አንድ።»

ትከሻዬን በቅባት ስታሸኝ የቀረውን ነገርኳት። ለዓመታት አገሬ ባለበት ቆሞ እንደሚጠብቀኝ አስብ ነበር፤ ስናፍቀውም እንደ አሮጌ ፎቶግራፍ ነበር። ለካ አገር የሚጠብቀው ተራህን እንድትይዝ ነው።

ከሰነበትኩ በኋላ ስልኬ ጮኸ። አያ መኩሪያ ናቸው።

«ታደሰ ከገብስ ክምር ላይ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። እስከ መንገዱ አድርሰነዋል። ወደ ወልድያ ሆስፒታል ተልኳል።»

«አይዞዎት፣ አያ። እኔ ምን ላድርግ?»

«ስልክህን እኛ ዘንድ ሞልተሃል።»

ያ የሞላሁት ካለቀ ሰንብቷል። ሱቄን ዘግቼ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆምኩ። የአምቡላንሱ በር ሲከፈት ታደሰ ተጋድሞ አየኝ።

«ሙሉ ነህ ግማሽ?»

«ግማሽ» አልኩት።

«እንግዲያው በእግር በኩል ያዝ። ግራውን ግን እንዳትነካው።»

ያዝኩ።