የማዶ ንግድ ትምህርቴ

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን እኔ፣ ገደፋው፣ የንግድ ተማሪ ነበርኩ። አትሳቁ። አባይን ተሻግሮ ወለጋ በርበሬ ሸጦ፣ ቡና ጭኖ መመለስ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። መምህሬ አያ ይርሳው ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን በዚያ መንገድ የጨረሱ ሲራራ ነጋዴ ናቸው። ጉልበታቸው ሲከዳቸው የሚተካቸው ሰው ፈለጉ።

ለትምህርቱ በቅሎ አስይዤ ነበር። ማዶ ያለው ደንበኛቸው ኦቦ ጉደታ ከተቀበለኝ በቅሎዋ ቡና ጭና ወደ ቤቴ ትመለሳለች፤ ካልተቀበለኝ አያ ይርሳው ዘንድ ትቀራለች። በቅሎዋ ደግሞ የእኔ አይደለችም። ሚስቴ ታንጉት ከአባቷ ከአያ እንዳለው ለምና ያመጣቻት ናት። አማቴ ለፋሲካ ከቋሪት መጥተው ሊወስዷት ቀጥረዋል። በአንድ ጠቦት ምክንያት ከታናሽ ወንድማቸው ጋር እስከ ዛሬ የማይነጋገሩ ሰው ናቸው።

ዓመት ሙሉ ተማርኩ። የቡናውን ዓይነት፣ የጭነቱን አጫጫን፣ የአባይን መሻገሪያ በቃሌ ያዝኩ። አያ ይርሳው ግን አንድ ነገር ይደጋግሙብኝ ነበር፤ «ጉደታ ቤት የቀረበልህን እምቢ እንዳትል።» ይሄማ ምን ትምህርት ነው? ሆድ ያለው ሰው መቼ እምቢ ይላል?

የሄድኩት በሁዳዴ ነው። ምሽጉ ጋ ጣሊያኖቹ አርበኛ ነህ ብለው ፈተሹኝ፤ ጫካው ውስጥ አርበኞቹ ባንዳ ነህ ብለው ፈተሹኝ። ተሻግሬ ጉደታ ቤት ደረስኩ። ደግ ሰው ነው፤ አማርኛም ይሞክራል። ቅል ሙሉ ወተት በሁለት እጁ አቀረበልኝ። ወተት! በሁዳዴ! አፌን በጋቢዬ ሸፍኜ ፊቴን አዞርኩ።

«መርዝ የሰጠሁህ መሰለህ?» አለና ጭነቴን ደጅ አስወጣው። ጾም መሆኑን ላስረዳ ስጀምር በሩ ተዘጋ።

ቡሬ ስመለስ አያ ይርሳው የሆነውን ሰሙና በቅሎዋን ስበው በረታቸው አስገቧት።

«ጾሜን ጠብቄያለሁ» አልኳት ታንጉትን፣ ኮራ ብዬ።

«ደግ አደረግህ» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አያ ይርሳው ቤት ሄደች። «አንድ ጊዜ ይመኑኝ፤ እኔ ልሂድ» አለቻቸው። ሴት ልጅ አባይ ማዶ! ኧረ ጉድ! አያ ይርሳው መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ በቅሎዋን ፈቱላት። በማግስቱ ከሚወርዱ ነጋዴዎች ጋር ተነሣች።

እኔ ቤት ቀረሁ። ጣሊያን አስቀራት ይሆን፣ ወንዝ ወሰዳት ይሆን እያልኩ መንገድ መንገዱን ሳይ ሰነበትኩ። እወዳታለሁ። እስከዚያ ቀን ግን ነግሬያት አላውቅም።

የሆሳዕና ዋዜማ በቅሎዋ ቡና ጭና ደጃችን ቆመች፤ ታንጉት ከኋላዋ። ላቅፋት ተነሣሁ፤ አፌ ቀደመኝ።

«ወተት አቀረበልሽ?»

«አቀረበልኝ።»

«እና?»

«ጠጣሁት። ደግሞ ቀዳልኝ፤ እሱንም ጠጣሁት።»

«በሁዳዴ! ታንጉት! እግዜርን አትፈሪም?»

ጭነቱን እየፈታች፣ ቀና እንኳ ሳትል መለሰችልኝ።

«እፈራለሁ እንጂ። ግን እግዜር ይቅር ይላል። አባቴ አይሉም።»