በልደታ ማኅበር ስም

ከሐዋሳ የተነሳሁት ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በአንድ ትንሽ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የዘመናዊ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ፣ በደርግ ጊዜ ልደታ ውስጥ ተደብቀን እንጸልይበት የነበረውን ቤት ፎቶ ላነሳ እንደምሄድ ነገርኳቸው። ውሸት አይደለም፤ ግን የሚያስቸኩለኝ ሌላ ነበር። ታላቅ እህቴ እትዬ በላይነሽ ልቧን ታማለች። ልጇ ሰላም ደውላ፣ «አጎቴ፣ ሳይረፍድ ብትመጣ» ብላኛለች። ሠላሳ ምናምን ዓመት ያሳደርኩትን ይቅርታ ይዤ ተሳፈርኩ።

በእጄ ሁለት ኪሎ የሲዳማ ቅቤ በኮባ ተጠቅልሎ ነበር። ዝዋይ ለቁርስ ስንወርድ እኔ የተጠበሰ ዓሳ አዘዝኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ግን ሽሮ አዘዙ።

«ጾም ገባ እንዴ?» አልኳቸው።

«ከገባ ሰነበተ እኮ፤ የነቢያት ጾም ነው። እርስዎ የት ከርመው ነው?»

ቅቤዬን አየሁት። ለታመመች ጿሚ ቅቤ ይዞ የሚሄድ እኔን የመሰለ ብልህ ወንድም ነው።

ልደታ፣ ሰባት ሰዓት

ቃሊቲ ወርጄ በባቡር፣ ቆሜ፣ ልደታ ገባሁ። ፍርድ ቤቱ አካባቢ ማመልከቻ ጻፊዎች ጃንጥላቸው ሥር ተቀምጠዋል። የምፈልገው ቤት ወፍጮ ቤት አጠገብ የነበረ የጭቃ ቤት ነው፤ አሁን ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። ጥበቃውን ጠየቅሁት።

«አባቴ፣ እኔ የመጣሁት ሕንፃው ካለቀ በኋላ ነው» አለኝ። «ፎቶ ግን ክልክል ነው።»

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ከመንገዱ ማዶ ካለ አዳራሽ የአምልኮ መዝሙር በድምፅ ማጉያ ይጮኻል፤ በሩ ላይ የአንድ «ነቢይ» ፎቶ ከነከረባቱ ተሰቅሏል። እኛ ግን በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው፤ የምናጨበጭበውም በሁለት ጣት። ያኔ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ሲታሸጉ የጴንጤው ንቅናቄ ከአዳራሽ ወጥቶ በየሰው ጓዳ ገባ፤ ጴንጤ መባል ያሳስር ነበር። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህን ነው። ጓዳው የማን እንደነበረ ግን ነግሬያቸው አላውቅም።

ጓዳው የእትዬ በላይነሽ ነበር። እሷ ከልደታ ማርያም ደጅ የማትጠፋ ኦርቶዶክስ ናት፤ ሃይማኖታችንን አልወደደችውም። ግን እኛ ስንጸልይ እሷ ደጃፍ ላይ ምስር እየለቀመች ትጠብቅ ነበር። አንድ ቀን አብዮት ጠባቂዎች መጥተው፣ «ምን ስብሰባ ነው?» አሏት።

«የልደታ ማኅበር ነው። ደግሞ ባዶ አፋችሁን አትሄዱም!» አለችና ጠላና ዳቦ አቀረበችላቸው። እኛ ውስጥ ትንፋሻችንን ውጠን፣ እነሱ ጠጥተውና መርቀው ሄዱ። በማርያም ስም ስለ እኛ ዋሸች፤ ለዚያ ውሸት ንስሐ ስትገባ እንደኖረች ኋላ ሰማሁ።

አራተኛ ፎቅ

እህቴ አሁን የምትኖርበትን ኮንዶሚኒየም አራት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። እትዬ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ እግሯ አብጧል። ጎንበስ ብዬ ሳምኳትና ቅቤውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት።

«መጣህ፣ ታዴ?»

«መጣሁ፣ እትዬ።»

ኮባውን ስትፈታ ሳቀች። «በጾም ቅቤ! ጴንጤ ምንጊዜም ጴንጤ ነው። ሰላም፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፤ ለገና ይሆናል። ማንም እንዳይነካው።»

ሰላም ወደ ጓዳ ስትገባ ወደ እትዬ ጠጋ አልኩ። እናታችን የሞተች ጊዜ፣ ድንኳን ሙሉ ለቀስተኛ ፊት እትዬ እጄን ይዛ፣ «ለእማዬ ነፍስ ይማር በላት» ብላኝ ነበር። እኔም አዲስ አማኝ ነኝና፣ እኛ ለሞተ ሰው እንደማንጸልይ ቆሜ ሰበክሁ። ለቀስተኛው አጉረመረመ። እሷ እጄን ለቀቀች፤ ከዚያ ወዲህ በሠርግና በለቅሶ ካልሆነ ተያይተን አናውቅም።

«እትዬ፣ ያን ቀን አሳፍሬሻለሁ። ይቅር በይኝ» አልኩ።

«ይቅር ይበለን። ያቺን ቃል ግን እስከ ዛሬ አልሰጠኸኝም።»

ነፍስ ይማር ማለት ምን ነበረበት? እኔ ግን አስተማሪነቴ ተነሳብኝ። ስለ ተሐድሶ፣ ስለ ጸጋ፣ ለምን ለሙታን እንደማንጸልይ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ታዴ» አለች ስጨርስ፣ «እማዬን እግዜር ያውቃታል። ቃሉ ለእሷ አልነበረም እኮ። ለእኔ ነበር። እናቴ ሞታብኝ ነበር።»

እንባዬ መጣ፣ ቃሉ ግን አልመጣም። ስሰናበታት ጉልበቷን ይዤ፣ «ለገና እመጣለሁ» አልኳት። ያኔ ቃሉን እንደምሰጣት ለራሴ ማልሁ።

«ና፤ ዶሮው በቅቤህ ይሠራል» አለችኝ።

ሐዋሳ

በማግስቱ አመሻሽ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ክፍል ስገባ፣ ሰሌዳው ላይ ከንቅናቄው መሪዎች ስም በላይ «በላይነሽ፣ ልደታ» ብዬ ጻፍኩ።

«የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ናት፣ መምህር?» አለኝ አንዱ ተማሪ።

«የልደታ ማርያም» አልኩ። ሳቁ። ታሪኩን ስነግራቸው ግን ስሟን ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ታሪክ ዘማሪዎቹን እንጂ በር ጠባቂዋን አያውቅም ነበር። ይህንንም ለገና ልነግራት አሰብኩ።

ሰሌዳውን እያጠፋሁ ስልኬ ጮኸ። ሰላም ነበረች፤ ከለቅሶዋ ሁሉን ተረዳሁ።

«ነፍስ ይማር» አልኩ። እንዲያው ወጣልኝ።

«አሜን» አለች ሰላም። ቀጥላም፣ «አጎቴ፣ ቅቤው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ማንም እንዳይነካው ብላ ነበር። ምን ላድርገው?»