የቅዳሜው ሥራ

ሽማግሌዎች ልጄን ለመጠየቅ ከሱሉልታ የሚመጡት እሑድ ከሰዓት ነበር። ሰበታ ያለው ቤታችን ገና በጠዋት ተወልውሏል። ሸሚዜ እየተተኮሰ ሳለ የቢሮ ተረኛው ደወለ።

«ጋሼ፣ ዲስኩ ተበላሽቷል። ዳታቤዙ አይከፈትም።»

የምሠራው አዲስ አበባ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ነው። የደንበኞቹ መዝገብ በሙሉ ያለው በአንድ ትልቅ፣ አሮጌ ማዕከላዊ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሥራውን ያስተማረኝ የለም፤ ሌሎች የጣሉትን የማሽኑን የእንግሊዝኛ መመሪያ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ እያነበብኩ ተማርኩት። ከዚያ ያወጣሁት ሕግ፣ ዋናውና ቅጂው በአንድ ጣሪያ ሥር አይደሩ የሚል ነው። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ የቅጂውን ቴፕ ቡራዩ ቅርንጫፍ አስቀምጣለሁ። ልጆቼንም ያሳደግኩት ያላችሁን ሁሉ በአንድ ኪስ አትያዙ እያልኩ ነው። ሰልችቷቸዋል። እኔም ደክሞኛል።

ቡራዩ ሄጄ ቴፑን ወደ ቢሮ አመጣሁ። እኩለ ቀን ሲሆን የዓርቡ መዝገብ ወደ ቦታው ተመልሷል። የቅዳሜው ግን ገና ነው። ቅዳሜ የተሠራው ሁሉ በሌላ ዲስክ ላይ በቅደም ተከተል ተይዟል፤ በዓርቡ ላይ እንደገና እየተጫነ መሄድ አለበት። ያ ደግሞ ቀስ ይላል፤ መሐል ላይ ከቆመም ከእኔ በቀር የሚያስቀጥለው የለም።

አለቃዬ ወጣት ነው፤ ስለ ሽማግሌዎቹ ያውቃል።

«ጋሼ፣ በዓርቡ እንክፈተውና ይሂዱ። የቅዳሜዎቹ ተመልሰው ይመዝገቡ።»

«ቅዳሜ እነማን እንደተመዘገቡ ታውቃለህ?» አልኩት። «የሆለታ የአበባ እርሻ ሠራተኞች ናቸው። ወራሾቻቸውን አስመዝግበው ሄደዋል። እስኪመለሱ የሞተ ቢኖርስ?»

«እርስዎ ደግሞ!» ብሎ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

ባለቤቴ ደወለች። «ሰዎቹ መጥተዋል። ጉዳያችንን ሳትሰሙ አንቀመጥም ብለው ቆመዋል። እኔ ምን ልበላቸው?»

«መጣሁ በያቸው።»

ሁለተኛ ስትደውል ድምጿ ወርዶ ነበር። «ሄዱ። አባትየው በመቅረት መልሱን ሰጥቶናል አሉ።»

በእኛ ባህል የልጅቱ ወገን መጀመሪያ እንቢ ማለቱ የተለመደ ነው። ሰዎቹም መቅረቴን እንቢታ፣ ያውም ንቀት ያለበት እንቢታ አድርገው ተረጎሙት። ልፈርድባቸው አልችልም። እኔም ብሆን እንደዚያው አስብ ነበር።

የቅዳሜው ሥራ አንድም ሳይጎድል ተመለሰ። ቤት ስገባ ልጄ ያልተነኩትን ሳህኖች እያነሳች ነበር።

«አባዬ፣ ለማታውቃቸው ሰዎች ቅዳሜያቸውን መለስክላቸው» አለች። «የእኔንስ እሑድ ማን ይመልስልኝ?»

ስለ ኃላፊነት የምናገረው ነገር አላጣሁም። ግን የቀሩትን ሳህኖች አብሬያት አነሳሁ።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ወደ ሱሉልታ ተሳፈርኩ። የልጅቱ አባት የሽማግሌ ደጅ መርገጡ ያልተሰማ ነገር ነው። የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ አንድ አዛውንት፣ በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» ብዬ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠየቅኩ።

«ፈያ» ብለው ወደ ወንበሩ አመለከቱኝ። «ተቀመጥ።»

እዚያው ቆምኩ። «ጉዳዬን ሳይሰሙ አልቀመጥም» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝና ወደ ጓዳ ተጣሩ፤ «ኑ እዩ! ዘንድሮ የሴቷ አባት ሽማግሌ ሆኖ መጣ!»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ዲስክና ስለ ቴፕ የገባቸው አልመሰለኝም። ስለ አበባ እርሻው ሠራተኞች ስናገር ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢሆንም ቶሎ አላስቀመጡኝም።

«ትናንት እኛም እንዲህ ቆመን ነበር» አሉ። ወንበሩን ወደ እኔ ገፋ አድርገውም፣ «በል ተቀመጥ። እሑድ እንመጣለን። የዚያን ቀን ስልክህን ልጅህ ትያዘው።»

ተቀመጥኩ። ስለ ስልኩ ግን ቃል አልገባሁም።