የኤልደር በለጠ ምርቃት

ስምዖን ሚስዮናዊ ለመሆን መሠልጠን የጀመረው መቐለ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ባለው የእናቱ ቤት፣ ከአልጋውና ከቁም ሳጥኑ መሀል በቀረችው ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ክራባት፣ የተተኮሰ ጥቁር ሱሪ፤ እግሩ ላይ ግን የቤት ነጠላ ጫማ። የላፕቶፑ ካሜራ እስከዚያ አይወርድማ! ጎረቤታቸው ወይኒ ግቢው ቧንቧ አጠገብ ባየችው ቁጥር «አንተ፣ ባንክ ገባህ እንዴ?» እያለች ትቀልድበታለች። ባንክ ቢገባማ እናቱ እልል ባለች ነበር።

የገባው ሞርሞን የሚባለው፣ ከአሜሪካ የመጣ ቤተ ክርስቲያን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ስምዖን አዲስ አበባ ኮሌጅ ይማር ነበር። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቋረጠ፤ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እናቱ ትኑር ትሙት ሳያውቅ ቆየ። ሰው ሰውን በጎሪጥ በሚያይበት በዚያ ወቅት፣ አብሮት የሚማር ልጅ አንድ እሑድ ወደ አንዲት አነስተኛ ጉባኤ ይዞት ሄደ። እዚያ «የየት አገር ሰው ነህ?» አላሉትም፤ «ምሳ በልተሃል?» ነው ያሉት። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው በተከፈተለት በር ይገባል፤ ፍረዱበትም አትፍረዱበትም፣ እሱ በዚያ ገባ፣ እዚያው ተጠመቀ።

መንገዱ ሲከፈት ወደ መቐለ ተመለሰ። እናቱን ለተመድህንን በሕይወት አገኛት። ታላቅ ወንድሙን ሓፍቶምን ግን አላገኘውም፤ ወደ ጦርነቱ ወጥቶ በዚያው ቀርቷል፣ መርዶውም እንደ ብዙ ቤት ሁሉ እነሱም ቤት ገባ። አባታቸው በለጠ ልጆቹ ሳያድጉለት ነው የሞተው። የወሎ ሰው፣ አስተማሪ ነበር፤ እሱ ካለፈ በኋላም ቤቱ አማርኛውን አልተወም። ለተመድህን በትግርኛ ትጀምርና በአማርኛ ትጨርሳለች። እንግዲህ በዚያ ቤት የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ለሁለት ዓመት ሊያገለግል ወደ ታንዛኒያ ሊሄድ ነው።

ከመሄዱ በፊት ያሉትን ሳምንታት እቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ይሠለጥናል፣ ስዋሂሊም ይማራል። ደንቡ ሚስዮናውያን ምንጊዜም ጥንድ ይሁኑ ይላል፤ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነውና። የስምዖን ጥንድ ኤልሻዳይ የሚባል የሐዋሳ ልጅ ነው። ግን ልጁ ያለው እዚያው ሐዋሳ ነው፤ ስምዖን የሚያየው በላፕቶፑ ጥግ ላይ ቴምብር አክሎ ነው። ኔትወርኩ ሲቆረጥ ጥንዱም ይቆረጣል። ያኔ ስምዖን ክራባቱን እንዳሰረ ወደ ግድግዳው ዞሮ «ሀባሪ ዛኮ? ሀባሪ ዛኮ?» እያለ ይቀመጣል። እንዴት ነህ ማለቱ ነው። ግድግዳው ምን ይመልስለት!

በመቐለ እንደሱ ያለ ኑሮ የያዘ ሌላ ሰው አያውቅም። ጓደኞቹ መጀመሪያ ላይ ዓዲ ሓቂ ካፌ ተቀምጠው ይደውሉለት ነበር። እምነቱ ከልክሎት ማኪያቶ እንደማይጠጣ፣ ቢራም እንደማይቀምስ ሲያውቁ መደወሉን እየቀነሱ ሄዱ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ አብረውት ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ነው።

ከሁሉ የባሰበት ግን የእናቱ ነገር ነው። ስምዖን ከመሄዱ በፊት የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምርቃቷን። ሰው የፈለገውን እምነት ይያዝ፣ ያለ እናት ምርቃት እንዴት ብሎ አገር አቋርጦ ይሄዳል? እግሩስ እሺ ይለዋል?

«አደይ፣ መርቂኝ» አላት አንድ ቀን፣ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጦ።

«አልመርቅህም» አለችው፣ ከምስሩ ቀና ሳትል።

ሌላ ቀን ደግሞ ጠየቃት። ደግማ እምቢ አለች። ስምዖን በሃይማኖቴ ነው ብሎ ደመደመ። ቡናዋን ትቶባታል፣ ጾሟን አይጾምላት፣ ለኅዳር ጽዮን ስትነሣ አብሯት አይወጣ፤ ሌላ ምን ምክንያት ይፈለጋል?

በዚህ ላይ የስሙ ነገር መጣ። በሞርሞኖቹ ወግ ወጣቱ ሚስዮናዊ «ኤልደር» ይባላል፤ ሽማግሌ ማለት ነው፣ ጢሙ በቅጡ ላልበቀለ ልጅ! ከዚያ የሚከተለው ደግሞ የራሱ ስም ሳይሆን የቤተሰብ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም ከየት እናመጣለን? ስምዖን የአባቱን ስም ሰጣቸው። አንድ ጠዋት የስዋሂሊ አስተማሪው፣ ኬንያዊ ነው፣ ከላፕቶፑ በጎርናና ድምፁ «ኤልደር በለጠ!» ብሎ ሲጣራ፣ ስምዖን ሳያስበው «አቤት!» አለ። ለተመድህን ጭልፋ እንደያዘች ከበሩ ደረሰች።

«አታ፣ ማን ነው አባትህን የሚጠራው?»

«እኔን ነው፣ አደይ።»

«አንተማ ስምዖን ነህ።»

«እነሱ በአባት ስም ነው የሚጠሩት።»

«ያ ስም እዚህ ቤት ከተጠራ ስንት ጊዜው» አለችና ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ሊጀመር ሲል ራዲዮኗን ከፍ ታደርጋለች። ስምዖን ይህንንም ከሃይማኖቱ ላይ ደመረው።

መሄጃው ሲቃረብ አስተማሪው የቤት ሥራ ሰጣቸው። ሰው ፊት ተቀምጣችሁ ስለ እምነታችሁ በስዋሂሊ ተናገሩ፣ ከዚያ ጸልዩ፤ መስታወት ፊት መለማመድ አይቆጠርም አላቸው። ኤልሻዳይ ቤቱ እኅቶች ሞልተውለታል። ስምዖን ማን አለው? ወይኒን ለመናት። «እንኳን የማላውቀው ቋንቋ፣ አማርኛውም ያደክመኛል» ብላ ሳቀችበት። የቀረችው እናቱ ናት። ፈራ ተባ እያለ ጠየቃት።

«ስለ እምነትህ ልትሰብከኝ ነው?»

«እወ፣ አደይ። ግን በስዋሂሊ ነው።»

«አንዱንም አልሰማውም ማለት ነው?»

«አንዱንም።»

«በል እንዲያ ከሆነ ኃጢአት የለውም» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

ስምዖን ጀመረ። ቃሉ እየጠፋበት፣ እየተመለሰ፣ እየተንተባተበ ተናገረ። ለተመድህን ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው እጆቿን አጣጥፋ በጨዋ ደንብ አዳመጠችው። የሚናገረውን ሲጨርስ ዐይኑን ጨፍኖ «ባባ የቱ ዋ ምቢንጉኒ» ብሎ መጸለይ ያዘ፤ የሰማዩ አባታችን ማለቱ ነው። የሚያውቃቸው ቃላት ጥቂት ነበሩና ቶሎ አለቁበት። ሲያልቁበት ስም መጥራት ጀመረ፤ ስም በየትም ቋንቋ ያው ስም ነው። ለተመድህን አለ። ሓፍቶም አለ። በለጠ አለ። ዐይኑን ሲገልጥ እናቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅሳለች።

«ምን አልክ ስለነሱ?»

«ጠብቃቸው ነው ያልኩት።»

«የሞቱትንም?»

«የሞቱትንም። ሌላ ቃል ገና አልተማርኩም፣ አደይ።»

የሆዷን ያወጣችው ያኔ ነው።

«ስማኝ ወደይ፣ ልጄ። በሃይማኖትህ ተቀይሜያለሁ፣ አልዋሽህም። ማርያም ትመልስህ እያልኩ እለምናለሁ፣ ገናም እለምናለሁ። ምርቃቱን የከለከልኩህ ግን በሱ አይደለም። መጥተህ ለሁለት ዓመት እሄዳለሁ አልከኝ። ስልኩ ጸጥ ያለው ስንት ጊዜ ነበር? ያን ሁሉ ጊዜ አንተን ሞቷል፣ አልሞተም እያልኩ ነው የኖርኩት። ሌላ ልክ አጡ እነዚያ ሰዎች?» ፊቷን ጠረገች። «ሓፍቶም ሲወጣ እዚህች በር ላይ ጉልበቴን ስሞ መርቂኝ አለኝ። እጄን ጭንቅላቱ ላይ አድርጌ፣ አፌ እስኪደርቅ፣ ምንም ሳላስቀር መረቅሁት። በሰላም ግባ አልኩት። የት ገባ?»

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ያን ሁሉ ሳምንት እናትና ልጅ ከአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ሆነው፣ እሱ ሃይማኖቱን እሷ ስልኩን እያሰቡ፣ ለየብቻቸው ሲያዝኑ ከርመዋል።

«በየሳምንቱ እደውልልሻለሁ» አላት በመጨረሻ። «ደንቡ ይፈቅዳል።»

«ደንቡስ ይፍቀድ፤ ኔትወርኩስ?» አለችው።

የሚሄድበት ቀን ደረሰ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው ባጃጅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስምዖን ሸሚዙ ላይ ትንሽ ጥቁር ባጅ አድርጓል። «ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችው እናቱ፤ ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል ነው። «ኤልደር በለጠ» ብሎ አነበበላት። መዳፏን ባጁ ላይ አሳረፈች። ይሄኔ ወይኒ የልብስ ሳሙና አረፋ እጇ ላይ እንዳለ እየሮጠች መጣች።

«ስምዖን! መንገድህን ጨርቅ ያድርግል...»

«ተይ ወይኒ! አትመርቂው!»

ወይኒ እጇ አየር ላይ ቀረ። ባጃጅ ነጂው እንኳ ዞር ብሎ አየ። ስምዖን ግን ለመጨረሻ ጊዜ ይሞክር ብሎ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ። ለተመድህን ትከሻውን ይዛ ቀና አደረገችው።

«ለወንድምህ ሁሉንም ሰጥቼ ነው የሰደድኩት። ምን ቀርቶት ይመለስ? ያንተን ግን አልሰጥህም። እዚህ ቤት ይቀመጣል። ከፈለግከው መጥተህ ትወስደዋለህ።»

ስምዖን ሳይመረቅ ከመቐለ ወጣ።

አሁን ዳሬሰላም ነው። ኤልሻዳይ ከቴምብርነት ወጥቶ ከጎኑ ባለው አልጋ ያንኮራፋል። ቋንቋው ገና አልተገራለትም፤ ብዙ ጊዜ ሰው ሲስቅ በምን እንደሚስቅ ሳያውቅ አብሮ ይስቃል፣ ሙቀቱንም አልለመደውም፣ ቀኑን ሙሉ በአባቱ ስም ሲጠራ ይውላል። በራሱ ስም፣ ስምዖን ተብሎ ሲጠራ የሚሰማው በሳምንት አንዴ፣ የስልክ ቀን ሲደርስ ነው። ይደውላል፤ አንዳንዴ መስመሩ እምቢ ይለዋል፣ እስኪገባለት ደጋግሞ ይሞክራል። እናቱ በላህ ወይ ትለዋለች፣ ታመምክ ወይ ትለዋለች፣ ወይኒ ሰላም ብላሃለች ትለዋለች። ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ በየሳምንቱ፣ ያንኑ ይጠይቃታል።

«አደይ፣ ምርቃቴስ?»

«አለ» ትለዋለች። «ማንም አልነካውም።»