እጅ ሳይጋርድ መሳቅ

እህቴ መቀስ አትወድም ነበር። ልብስ ሰፊ ሆኖ መቀስ አለመውደድ ምን የሚሉት ነው ብትሏት "ታዲያ ጥርሴ ምን ሊሠራ ነው?" ትላችኋለች። እኔ ማሽኑ ላይ፣ እሷ ዘምዘማው ላይ፣ ጠባብ ሱቃችን ውስጥ ጎን ለጎን ስናረጅ ክሩን ሁሉ በፊት ጥርሷ ቀጭ እያደረገች ኖረች። የጥርሷ ጫፍ ተበልቶ የክር መንገድ አውጥቷል።

ያ ጥርስ ደግሞ ቡናማ ነው። ልጅ ሳለን የጠጣነው የጉድጓድ ውሃ ነው አሉ ያበላሸው። የኔም ያው ነው፤ እኔ ግን ደንታም የለኝ። እሷ በሳቀች ቁጥር አፏን በእጇ ትጋርዳለች። ብቻዋን ያሳደገቻት አንድ ልጇ ልታገባ ስትል "በሠርግሽ ቀን አፌን በእጄ ሳልጋርድ እስቅልሻለሁ" ብላ ቃል ገባችላት።

ከዚያ በስልኳ የጥርስ ማንጫ አይታ አስመጣች። በፕላስቲክ ማቀፊያ ተሞልቶ ጥርስ ላይ የሚደረግ ጄል ነው።

"እትዬ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ" አልኳት።

"አንቺ ደግሞ ማካበድ ትወጃለሽ። ስንቱ ሰው እቤቱ ይጠቀም የለ?"

ከካርቶኑ ላይ ሩብ ሰዓት ይበቃል የሚለውን አነበብኩላት። "እድፍ የሚለቀው ሲዘፈዘፍ ነው፤ ይህን ለኔ ልትነግሪኝ ነው?" አለችኝ። ማቀፊያውን ነክሳ ከሰዓቱን ሁሉ ስትዘመዝም ትውላለች፤ ለደንበኛ የምትመልሰው ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ነው። ሳምንት ሳይሞላ ክር ልትነክስ ስትል አገጯን ይዛ ቀረች። ድዷ ነጭ ሆኖ ተልጧል።

የጥርስ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሐኪሟ አየቻትና፣ "ጫፉ ላይ ሽፋኑ አልቋል፤ ጄሉ በዚያ በኩል ዘልቆ ገብቷል። ቡናማው ደግሞ ከላይ የተለጠፈ እድፍ አይደለም፣ ከጥርሱ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ቀድመሽ ብትመጪ የሚሆንሽን እንመርጥ ነበር። ሕመሙ ይለቅሻል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል" አለቻት።

ጊዜ የት አለ? ሠርጉ ደርሷል። ዙሪያው ነጥቶ ቡናማው ጭራሽ ጎልቷል። "ለልጄ ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ደስታዋን አልረብሽም" አለችኝ። እሺ አልኳት።

የሠርጉ ቀን ነፋስ ነበር፤ ነፋስ ሲነካው ጥርሷ እንደ መርፌ ይወጋታል። ፎቶ አንሺው "እናታችን፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ" ቢል ቢል፣ ከንፈሯን ገጥማ ቆመች።

ባለፈው ልጅቷ አልበሙን ይዛ ሱቅ መጣች። ስታገላብጥ ቆየችና ወደኔ ጠጋ ብላ፣

"አክስቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እማዬ ባሌን አልወደደችውም አይደል? እስቅልሻለሁ ብላኝ እኮ ነበር" አለችኝ።

እህቴ ሰምታለች። ክር የምትቆርጥበትን መቀስ አስቀመጠች። ተነስታ ልጇ ፊት ቆመችና፣ በእጇ ሳትጋርድ፣ አፏን ከፍታ አሳየቻት።